ማን በላው?

ከደቡብ አፍሪካ ለእረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ ሻንጣውን ሲያራግፍ ዳርና ዳሩ የተላላጠ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ወረወረልኝ። «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? አንብቢና ንገሪኝ» አለኝ እየሳቀ። አሜሪካዊቷ ሻርሌይን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመችው ነው፤ ርእሱ «እስኪመሽ ድረስ የሞተ» እንደማለት ይሆናል። ደም መጣጭ፣ ፍቅርና የግድያ ምርመራ፣ ሁሉም በአንድ ድስት! ለዲፕሎማ ስንማር እንዲህ ያለውን «የጊዜ ማሳለፊያ» እያልን እናጣጥል ነበር። እነሆ፣ ሆሳዕና መብራት በጠፋባቸው ሁለት ሌሊቶች በሻማ ጨረስኩት።

ሉዊዚያና ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሱኪ የምትባል የቡና ቤት አስተናጋጅ ከደም መጣጭ ጋር ፍቅር ይይዛታል። በዚያው ሰሞን ሴቶች ታንቀው ይገደላሉ። ከተማው የሚጠረጥረውን ለማግኘት አይቸገርም። ገዳዩ ግን ሁሉም የሚያውቀው፣ ከሁሉም ጋር የሚጠጣ ተራ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሴቶቹን የገደላቸው ከደም መጣጮች ጋር በመወዳጀታቸው ነው።

ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ድራኩላን ሲጽፍ ደም መጣጩ ከሩቅ አገር የመጣ ጠላት ነበር፤ ታድኖ ይገደላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «ትዋይላይት» ውስጥ ደግሞ ዝናብ በማይለያት ትንሽ ከተማ፣ ክፍል ውስጥ ከልጅቷ አጠገብ ይቀመጣል። እንደ እኔ እምነት አንባቢን የሚስበው ጥርሱ ሳይሆን ይህ አጠገብ መቀመጡ ነው። የምርመራው ታሪክ ሲጨመርበት ደግሞ የተፈራው ሰው ነጻ የሚወጣበት ፍርድ ቤት ያገኛል።

እኛ ዘንድ ያለው ቡዳ ነው። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ ዓይኑ ያረፈበትን ይበላል ይባላል። በሰሜን ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው በዚህ ስም እንደሚታሙ ሁሉ፣ በሀዲያና በከምባታም ሸክላ ሠሪዎች በማይወዱት ስም እየተጠሩ ከጋብቻና ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ቡናችን የሚፈላበትን ጀበና ከእጃቸው እንገዛለን፤ ሲርባቸው ግን ቆጮው በኮባ ቅጠል ደጅ ይሰጣቸዋል። እማዬም እንዲሁ ታደርግ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ በየገበያው ቀን ጀበና ሊገዛ ይሄዳል፤ ቤታችን ጀበና ሞልቶ ሳለ! የሻጯን ልጅ እንደወደዳት የገባኝ ያኔ ነው። በዚያ ክረምት ትንሹ ወንድማችን ታመመ። ትኩሳቱ እንደ ምጣድ ያቃጥላል፤ ያቃስታል። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ጭስ ጨሰ። «ማን ነህ? የት አገኘኸው?» እያሉ ሕፃኑን ጠየቁት። ዝም አለ። እኔ ግን ተናገርኩ።

«ጀበና ሻጯ ልጅ ትናንት ጉንጩን ነክታዋለች» አልኩ።

እውነት ነው፣ ነክታዋለች። እንዴት እንደነካችው ግን አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ መርፌ ተወግቶ ዳነ። ዛሬ ጢሙን ይላጫል። ያን ፋይል ግን ማንም ዳግመኛ አልከፈተውም። ልጅቷ ገበያ መውጣት ተወች። ወንድና ሴት ያለ ዘር ልዩነት ሊጋቡ እንደሚችሉ የደነገገው ሕገ መንግሥት ከጸደቀ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቤታችን ውስጥ አንቀጽ የጠቀሰ ሰው ግን አላስታውስም። ታላቅ ወንድሜ በዓመቱ እንደ ብዙ የሀዲያ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ አቀና። ያን ቀን ማን እንደተናገረ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደውሎ ሳለ የመጽሐፉን ታሪክ አወራሁት።

«ገዳዩ ማን ሆነ?» አለኝ።

«የዚያው ከተማ ሰው።»

ዝም አለ። ቀጥሎ «እስቲ ላኪልኝ» አለ።

የአክስቴ ልጅ የሚመለስበት ቀን ደርሷል። መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከመስጠቴ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩና በእርሳስ ጻፍኩበት፦ «የተናገርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ እየሳቀች ነበር የነካችው።»