ልጃችንን በምን አምነን ሰጠን?



ይህን የምንጽፍላችሁ ባልና ሚስት ሆነን ነው። ሁለታችንም አዲስ አበባ ውስጥ በግል ድርጅት ተቀጥረን እንሠራለን፤ አልሐምዱሊላህ አላህ አንድ ወንድ ልጅ ረዝቆናል። ረዘም ቢልም ታግሣችሁ አንብቡልን፣ የብዙዎቻችሁ ጉዳይ ነው ብለን ስላሰብን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። 90ው ቀን ሲያልቅ ልጃችን አንገቱ እንኳ ገና በደንብ አልጠናም ነበር። እናቶቻችን ክፍለ ሀገር ናቸው። የቤት ሠራተኛ ሞከርን፤ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሄዱብን። በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዝዝ ነበር፤ እኛ ግን የመንግሥት ሠራተኞች አይደለንም። ሰሌዳ የለጠፉት ትልልቅ ዴይኬሮች ደግሞ ከአንዳችን ደሞዝ ግማሹን ይወስዳሉ።

እንዲህ ስንጨነቅ አንዲት እህት «እኛ ሰፈር ሕፃናት የሚይዙ ሴትዮ አሉ፤ ሶላታቸውን የሚጠብቁ፣ ደግ ናቸው» አለችን። ሄደን አየን። ሁለት ክፍል ቤት፣ ንጹሕ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ አያተል ኩርሲይ። ልባችን አረፈ። ስንት ልጅ እንደሚይዙ አልጠየቅንም። ፈቃድ አላቸው ወይ አላልንም። ዋጋውን ግን ተከራከርን፣ አስቀነስንም። ከዚያ ቢስሚላህ ብለን አስረከብን።

ልጁ ማታ ስንወስደው ሁልጊዜ ተኝቶ ነበር የምናገኘው። «ልጃችሁ ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» ይሉናል። እኛም ደስ ይለን ነበር! ቤት ሲገባ እንደ ፈዘዘ ያመሽና ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፤ ጥርስ ሊያወጣ ነው አልን።

አንድ ቀን አባትየው ከሥራ አስፈቅዶ ሳይነገራቸው ለዙሁር አካባቢ ደረሰ። አሥራ አንድ ሕፃናት፣ አንድ እሳቸውና አንዲት ገና ልጅ የሆነች ረዳት። መስኮቱ ተዘግቶ ጀበናው እዚያው ክፍል ውስጥ ከሰል ላይ ተጥዷል። ልጃችን ከሁለት ሌሎች ጋር አንድ ፍራሽ ላይ በሆዱ ተኝቷል። ቁም ሳጥኑ ላይ የጉንፋን ሽሮፕ አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ለማን ነው?»

አልደበቁም። «ልጄ፣ ሁሉም አንዴ ሲያለቅሱ በየትኛው እጄ ልያዝ? ትንሽ ነው የምሰጣቸው፣ ያስተኛቸዋል።»

ልጁን ይዘን ሐኪም ጋ ሄድን። አልሐምዱሊላህ ደኅና ነበር። ግን እንቅልፍ የሚያመጣ ሽሮፕ ለእንደዚህ ያለ ሕፃን ትንፋሹን ሊያዳክምበት እንደሚችል፣ ሕፃን ሲተኛ በጀርባው መሆን እንዳለበት፣ በተዘጋ ቤት የከሰል ጋዝ ሳይሸት እንደሚገድል የሰማነው ያን ቀን ነው።

ወረዳ ሄድን። ሴቶችና ሕፃናት ወደ ጤና፣ ጤና ወደ ንግድ ላኩን። ንግድ ቢሮ ያለው ልጅ «ፈቃድ ካላወጡ እኛ መዝገብ ላይ የሉም» አለን። እውነቱን ነው፣ የሉም። ሰፈራችን ያለችው ሻይ ቤት ብርጭቆዋን የሚያይ ተቆጣጣሪ ይመጣባታል፤ አሥራ አንድ ሕፃን የሚውልበትን ቤት ግን አንድም ሰው አንኳኩቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ንዴታችን በሴትዮዋ ላይ ነበር። እያደር ግን ወደ ራሳችን ዞረ። በቁርኣን ረጅሙ አያ የሚናገረው ብድርን ስለ መጻፍ ነው፤ በአማኞች መካከል የሚደረግ ብድር። እኛም ለወንድማችን ሺህ ብር ስናበድር ምስክር እንፈልጋለን፣ ልጃችንን ስንሰጥ ግን የግድግዳ ጌጥ አይተን ተመለስን። እዚያው ሱረቱል በቀራ ውስጥ ልጅን ለሌላ ሴት ማስጠባት እንደሚቻል ሲነገር፣ ተገቢውን ክፍያ በመልካም ሁኔታ መስጠት አብሮ ተጠቅሷል። ለአንድ ልጅ የምንከፍላቸው ስላልበቃቸው ነው አሥራ አንድ የያዙት። ደግነታቸውም ውሸት አልነበረም፤ እናቱ ዐረብ ሀገር ሄዳ ብር መላክ ያቆመችለትን ሕፃን በነፃ ይዘውታል።

ስለዚህ ወረዳ ተመልሰን አስዘጉልን አላልንም። ቢዘጋ ልጆቹ የት ይውላሉ? ፈቃዱ በቀላሉ ተሰጥቶ፣ በዓመት ሁለቴ እንኳ አንድ የጤና ባለሙያ ገብቶ የልጆቹን ቁጥርና የከሰሉን ነገር ቢያይ ይበቃን ነበር። ያ እስኪመጣ ከአራት ወላጆች ጋር ተነጋግረን እሳቸው ቤት ሄድን። ከስድስት ልጅ በላይ አይዙም፣ ሁለተኛ አዋቂ ሴት ይቀጥራሉ፣ ከሰል ውጭ፣ ያለ ስልክ ምንም መድኃኒት የለም፣ ወላጅ በፈለገ ሰዓት ይገባል። ሁሉንም በወረቀት ጽፈን ተፈራረምን። ክፍያውም እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እትዬ አለቀሱ፤ «እኔም እኮ ደክሞኝ ነበር» አሉ።

ስድስት ሲቀሩ አምስቱ ወጡ። ሁለቱን አያቶች ወሰዷቸው። ጭማሪውን ካልቻሉት እናቶች አንዷን ባለፈው ሳምንት ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘናት፤ ሌላ ቤት፣ ከድሮውም በርካሽ አግኝታለች። እዚያስ ስንት ልጅ አለ ብለን ጠየቅናት።

«በር ላይ ነው የሚቀበሉኝ፣ ገብቼ አላየሁም» አለችን።