ጠያቂ የሌለው ስዊች

የማስተርስ ጥናቴን ርእስ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ተከታትለው ከጨለሙ ሁለት ስክሪኖች ነው። በዚያን ዕለት ጥፋቱን በአንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን ገመድ አሳብቤ ነበር። ገመዱ ግን ደኅና ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በኔትወርክ ስዊች ላይ የመልቲካስት ፍሰት እንዴት እንደሚገራ ከማስረዳቱ ጋር፣ ስሕተቱ የማን እንደ ነበርም ይናገራል።

የመመረቂያ ጥናት ዲፌንስ የሚካሄድበት አዳራሻችን ጠባብ ነው። በዚያ ዓመት ብዙ ቤተሰብ ይጠበቅ ስለነበር ምስሉ በሁለት ጎረቤት ክፍሎች በቀጥታ እንዲታይ ተወሰነ፤ ዝግጅቱም የላቦራቶሪ ረዳት ለነበርሁት ለእኔ ተሰጠ። የካሜራው ምስል በሰከንድ 8 ሜጋቢት ያህል ይወስዳል። ይህን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ለየብቻ መላክ ይቻላል፤ ተመልካቹ በበዛ ቁጥር ግን ላኪው ያንኑ ቅጂ ደጋግሞ ለመላክ ይገደዳል። መልቲካስት ከዚህ ድካም ያድናል። ስቲቭ ዲሪንግ እ.ኤ.አ. በ1989 በጻፈው አርኤፍሲ 1112 በተደነገገው ሥርዓት መሠረት፣ ላኪው አንድ ቅጂ ብቻ ወደ አንድ የቡድን አድራሻ ይልካል፤ ማባዛቱ የኔትወርኩ ፈንታ ይሆናል። ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያሉት አድራሻዎች ለዚሁ ያገለግላሉ።

ችግሩ ተራ ስዊች ቡድን የሚባል ነገር አለማወቁ ነው። ስዊች ማን በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚማረው ከላኪው አድራሻ ነው። የቡድን አድራሻ ግን ምን ጊዜም የተቀባይ እንጂ የላኪ ሆኖ አይታይም። ስለዚህ ስዊቹ የት እንደሚያደርሰው ሲቸግረው በሁሉም ፖርት ይረጨዋል፤ እንደ ዕድር ጡሩምባ፣ አባል የሆነውም ያልሆነውም ይሰማዋል። በገመድ ለተገናኘ ኮምፒውተር ከ1,000 ሜጋቢት ውስጥ 8 ሜጋቢት ኢምንት ነው። ጉዳቱ የታየው በዋይፋይ ነው። የዋይፋይ ማሠራጫ የመልቲካስት ፓኬት ሲደርሰው፣ ራቅ ብሎ ያለው መሣሪያም እንዲሰማው በዝቅተኛ ፍጥነት ያስተላልፈዋል፤ ያ ፍጥነት ብዙ ጊዜ በሰከንድ 6 ሜጋቢት ወይም ከዚያ በታች ነው። 8 ሜጋቢት በ6 ሜጋቢት መንገድ አያልፍም። በመጀመሪያው የሙከራ ቀን፣ በዚያው ኔትወርክ የሚጠቀሙ የጎረቤት ቢሮ ሠራተኞች ኢሜይል መክፈት አቅቷቸው ወደ ላቦራቶሪያችን መጡ፤ ሲመጡም ፊታቸው ፈገግታ አልነበረበትም።

መድኃኒቱ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ይባላል። አይጂኤምፒ በኮምፒውተርና በራውተር መካከል የሚደረግ ንግግር ነው፤ ኮምፒውተሩ «የዚህ ቡድን አባል ነኝ» ይላል፣ ራውተሩ ይመዘግባል። ስዊቹ በዚህ ንግግር ውስጥ ቦታ የለውም። ስኑፒንግ ሲበራለት ግን ጆሮ ጠቢ ይሆናል፤ የሌሎችን ወሬ እያዳመጠ የትኛው ፖርት የትኛውን ቡድን እንደ ጠየቀ በሠንጠረዥ ይይዛል፣ ከዚያ ወዲያ ምስሉን ለጠየቀው ብቻ ይሰጣል።

አበራሁት፤ ጎርፉ ግን አልቆመም። ግማሽ ቀን ከፈጀብኝ በኋላ ምክንያቱ የመረጥሁት አድራሻ ሆኖ ተገኘ። 239.0.0.1ን የመረጥሁት ለማስታወስ ስለሚቀል ነበር። የቡድን አይፒ አድራሻ ወደ ማክ አድራሻ ሲለወጥ የመጨረሻዎቹ 23 ቢቶች ብቻ ስለሚወሰዱ፣ 32 የተለያዩ የአይፒ አድራሻዎች አንድ ማክ አድራሻ ይጋራሉ። 239.0.0.1 ደግሞ የሚጋራው ከ224.0.0.1 ጋር ነው። ይህ በኔትወርኩ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድነት የሚጠሩበት አድራሻ ስለሆነ፣ እንደ እኛው በማክ አድራሻ የሚያጣራ ስዊች ሊገድበው አይችልም። አድራሻውን ወደ 239.10.20.5 ቀየርሁት። ያልተመዘገበ ቡድን ሁሉ እንዲጣልም አዘዝሁ። ጎርፉ ቆመ፤ ሁለቱ ክፍሎች ምስሉን አዩ፤ የጎረቤት ቢሮውም ኢሜይሉን ከፈተ። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆሜ ተመለከትሁና ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ሦስት ደቂቃ የምትለዋን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ቅዳሜ መጀመሪያ ያቀረበው የቅርብ ጓደኛዬ ነበር። አባቱ ከገጠር ተጉዘው ሲደርሱ ዋናው አዳራሽ ሞልቶ ስለነበር፣ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ በአንደኛው ተጨማሪ ክፍል የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኋቸው። ልጃቸው ብቅ ሲል ከመቀመጫቸው ከፍ አሉ። ገና የጥናቱን ዓላማ እየዘረዘረ ሳለ ስክሪኑ ጨለመ። አባቱ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ጨረሰ እንዴ?» አሉኝ። «አልጨረሰም አባባ፣ አሁን ይመለሳል» አልኋቸው። ብዙም ሳይቆይ የሌላኛውም ክፍል ጠፋ።

ሁለቱንም ገመዶች በዚያው ሳምንት የዘረጉት የትምህርት ክፍላችን ቴክኒሺያን ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ጋሼ፣ ገመድዎ ነው መሰለኝ» አልኋቸው። አንድም ቃል አልመለሱም። ሌላ ገመድ አምጥተው ተኩ፤ ፕሮግራሙን ዘግተው ከፈቱት፤ ምስሉ መጣ። ገመዱ ጥፋተኛ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ከአራት ደቂቃ በኋላ እንደገና ጠፋ። ምስሉን የመለሰው የገመዱ መለወጥ ሳይሆን የፕሮግራሙ ተዘግቶ መከፈት እንደ ነበር ያን ጊዜ አልገባኝም። ጓደኛዬ የ20 ደቂቃ ገለጻውን ሲጨርስ አባቱ ያዩት ቁርጥራጩን ነበር፤ መደምደሚያውን አላዩም።

በነጋታው እሑድ ብቻዬን ላቦራቶሪ ገብቼ ምስሉን ከፈትሁ፤ ዋየርሻርክን አስነሣሁ፤ የእጅ ሰዓቴንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ኮምፒውተሩ ሲጀምር የአባልነት መልእክቱን ላከ። ከዚያ ወዲያ በአይጂኤምፒ በኩል ፍጹም ዝምታ ሆነ። ምስሉ የቆመው በ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ነበር።

የዚህ ቁጥር ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው አርኤፍሲ 2236 ውስጥ ይገኛል። አባልነት ዘላለማዊ አይደለም። ራውተሩ በየ125 ሰከንዱ «አባል አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባላቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳሉ። አንድ መልእክት መንገድ ላይ ቢጠፋ እንኳ እንዳይጎዱ ሁለት ዙር ይታገሣቸዋል። ሁለት ጊዜ 125፣ ሲደመር 10፣ 260 ሰከንድ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ድምፁ ያልተሰማ አባል እንደ ሄደ ይቆጠራል። የእኛ ቪላን የመልቲካስት ራውተር አልነበረውም። የሚጠይቅ ስላልነበረ ኮምፒውተሮቹ አልመለሱም፤ ስዊቹም ዝምታቸውን እንደ መውጣት ቆጠረው። ወሬ በሌለበት ቤት ጆሮ ጠቢ ምን ይሠራል? ስኑፒንጉን ባላበራ ኖሮ የጎረቤት ኢሜይል ይዘገይ ነበር እንጂ ስክሪኑ ባልጨለመ ነበር።

መፍትሔው ስዊቹን ራሱን ጠያቂ ማድረግ ነው፤ ብዙ የሚተዳደሩ ስዊቾች ይህን ይችላሉ። በቪላኑ ላይ አንድ አይፒ አድራሻ ሰጥቼ ኩዌሪየሩን አበራሁት፤ ሥራው ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። ጥናቴ የተወለደው ከዚህ ቀጥሎ ካለው ጉዳይ ነው። በአንድ ኔትወርክ ሁለት ጠያቂዎች ሲገናኙ ዝቅተኛ አይፒ አድራሻ ያለው ሥራውን ይወስዳል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚጠይቀው በድንገት ቢጠፋ፣ ተጠባባቂው የሚነሣው የመጨረሻውን ጥያቄ ከሰማ ከ255 ሰከንድ በኋላ ነው። አባልነት የሚያልቀው ደግሞ በ260 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 5 ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ አባላቱ ግን በ10 ሰከንድ ውስጥ በዕጣ በሚወጣ ቅጽበት ይመልሳሉ። ዕጣው ዘግይቶ የወጣለት ስክሪን ለጥቂት ሰከንድ ሊጨልም ይችላል። ወረቀት ላይ ንጹሕ የሚመስለው የጊዜ ስሌት ይህን ያህል ጠባብ መሆኑን ሳይ፣ ሁለት ተጠባባቂ ያለው ኔትወርክ ከአደጋ ነጻ ነው ማለቱን ተውሁ።

ሰኞ ጠዋት የ260 ሰከንዱን ስሌት በወረቀት ይዤ ወደ ጋሼ ሄድሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ታዲያ ገመዱ ደኅና ነበር» አሉ።

«ደኅና ነበር ጋሼ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ያን ቀን የተናገርሽው በሰው ፊት ነው» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ለጓደኛዬ አባት የገለጻውን ሙሉ ቅጂ በፍላሽ ላክንላቸው። በሚቀጥለው የዲፌንስ ቀን፣ የክፍሉ መምህራንና ሠራተኞች በተሰበሰቡበት፣ ስሕተቱ የእኔ እንደ ነበር ተናገርሁ። ጋሼ አውጥተውት የነበረውን ገመድ መልሰው ዘርግተውት ነበር። ምስሉ ሲጀምር አጠገቤ ተቀመጡ፤ እኔ ሰዓቴን ስከታተል እሳቸው ስክሪኑን ያያሉ።

«አለፈ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አለፈ» አልኋቸው።