«ያው ነው» ያልኩት ድንጋይ

ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ ወገልጤና ላይ ኦፓል እገዛ በነበረባቸው ዓመታት የዋሸሁት እውነት እየተናገርኩ ነው። ለቆፋሪዎቹ «ኦፓል በዝቷል፤ ዋጋው ወድቋል» እላቸው ነበር። በዝቶም ነበር። በ2000 ዓ.ም. ደላንታ ገደል ላይ ከተገኘ ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወሎ ኦፓል የዓለምን ገበያ ሞልቶታል። ነገር ግን የበዛው ኦፓል እንጂ ጥሩ ኦፓል አልነበረም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ አብዛኛው ቆፋሪ አያውቅም፣ ቢጠረጥርም የሚያረጋግጥለት ሰው የለውም። በዚያ ክፍተት ገብቼ ለብርቁ ድንጋይ የተራውን ዋጋ ስከፍል ኖሬአለሁ። የምናዘዘው ይህንን ነው።

የደላንታ ኦፓል የሚገኘው እሳተ ገሞራ በተፋው አመድና ድንጋይ መካከል በተጋደመች አንዲት ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ውፍረቷ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከላይ አምባው፣ ከታች ሸለቆው አለ፤ ቆፋሪው ገደሉ ወገብ ላይ ቆሞ በመዶሻና በመሮ ወደ ውስጥ እየፈለፈለ ይገባል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ የሚወጣው አብዛኛው ድንጋይ ቢያዞሩት ቢያገላብጡት ቀለም የማይሰጥ ተራ ኦፓል ነው። ቀለም የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ውስጥ አብዛኛው የደበዘዘ ወይም የተሰነጠቀ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ኦፓል ውስጡ ዓይን የማያያቸው የሲሊካ እንክብሎች ናቸው። እንክብሎቹ እኩል ሆነው በሥርዓት ከተደረደሩ፣ የገባው ብርሃን ተለያይቶ በየቀለሙ ይወጣል፤ ድርድሩ ከተዘበራረቀ ምንም የለም። ትንንሾቹ የሚያሳዩት ሰማያዊና ሐምራዊ ነው። ቀይ እንዲታይ እንክብሎቹ ተለቅ ማለት አለባቸው፤ ተለቅ ብለውም ሥርዓታቸው ሳይፈርስ መቆየት አለባቸው፤ ይህ ደግሞ እምብዛም አይሆንም። ለዚህ ነው ቀይ የሚያበራ ኦፓል ሰማያዊ ብቻ ከሚያሳየው የሚወደደው። በዚያ ላይ የብርሃኑ ጥንካሬ፣ የቀለሙ አጣጣል፣ ከስንጥቅ ንጹሕ መሆኑ ይታያል። ሁሉም አንድ ላይ የተገኙበት ድንጋይ፣ ገበያው በኦፓል ቢጥለቀለቅም ያው ብርቅ ነው።

ብርቅ መሆን ብቻውን ዋጋ እንደማያመጣም አገራችን አይታዋለች። ከደላንታ በፊት፣ በ1980ዎቹ፣ መንዝ ውስጥ ቡናማ ኦፓል ወጥቶ ነበር። ከአሁኑ የወሎ ኦፓል ይልቅ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ሲያምር ደግሞ በጣም ያምራል። ግን ብዙው ከጊዜ በኋላ እየተሰነጠቀ ገዢዎችን አሳቀቃቸው፤ የኢትዮጵያ ኦፓል ስምም ለዓመታት አብሮ ተጎዳ። በሌላ በኩል ብዛት ዋጋ ይጥላል። በኦሪቱ ሊቀ ካህናት የደረት ኪስ ላይ ከከበሩት ድንጋዮች ተርታ የተቀመጠው አሜቴስጢኖስ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራዚል ውስጥ በገፍ ሲገኝ ከዚያ ማዕረግ ወርዷል። እኔ ለቆፋሪዎቹ የምነግራቸው የዚህን ዓይነት ታሪክ ብቻ ነበር። ወርዶም እንኳ ጥልቅ ሐምራዊው አሜቴስጢኖስ ከገረጣው በላይ እንደሚሸጥ አልነገርኳቸውም።

አንድ ሰው አሉ። ገበሬ ናቸው፤ እርሻ በማይኖርበት ወቅት ከልጃቸው ጋር ይቆፍራሉ። ጆንያቸውን አምጥተው ዘረገፉልኝ፤ እንደ ወትሮው የተቀላቀለ ነበር። ከዚያ ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ አንድ ድንጋይ አወጡ። ለብቻው መቋጠራቸው እንዳወቁት ይናገራል። ተቀብዬ ሳዞረው ቀይና አረንጓዴ ዳማ መስሎ ተከፋፍሎ በራ። ወዲያው ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ በጥላዬ ሸፈንኩት።

«ይኸኛውስ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ያው ነው አባቴ። ከዚያው ጋር ይመዘን።»

ጥቂት አዩኝ። ከዚያ ድንጋዩን ከእጄ ወስደው ክምሩ ላይ ጨመሩት። እኔን ማመናቸው ነበር፤ ከተማ የሚያውቅ፣ ከውጭ ገዢ ጋር የሚነጋገር ሰው አያሳስትም ብለው። በኪሎ ከፈልኳቸው። አዲስ አበባ ስገባ ያን ድንጋይ ለይቼ አስቆርጬ በካራት ሸጥኩት። አንድ ኪሎ 5,000 ካራት ነው። ያ አንድ ድንጋይ ለጆንያው በሙሉ ከከፈልኩት በላይ አመጣልኝ።

ሌላም አለ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ አንዳንዱ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ውሃ ይሸከማል። ስለዚህ አንዳንድ ቆፋሪ ነክሮ እንደሚያመጣ አውቅ ነበርና «ለውሃው» እያልኩ ከሚዛኑ እቀንስ ነበር። ደረቅ ላመጣውም ቀነስኩ። እኔ ራሴ ስሸጥ ግን ስንጥቁ እንዳይታይ ከነውሃው አሳየሁ።

ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ነበረኝ። ጥሬ ድንጋይ አደጋ አለው፤ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ፣ ሲቆረጥ ከግማሽ በላይ ሊባክን ይችላል፤ የሚከስረው ገዢው ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ለእኚያ ሰው «ይኸኛው የተለየ ነው፤ አደጋም ስላለው ይህን ያህል እሰጣለሁ» ብላቸው ኖሮ አሁንም አተርፍ ነበር። ክርክር ሁለት ሰው አንድ ድንጋይ እያየ የሚያደርገው ነው። እኔ ድንጋዩን ጋርጄባቸዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ጉዳቱ በእሳቸው አለማብቃቱ ነው። ሁሉም በኪሎ ከተገዛ ቆፋሪው ለምን ይለያል? ለምንስ ተጠንቅቆ ያወጣል? በጥድፊያ በመዶሻ ሲመታ ጥሩው ድንጋይ ከተራው ጋር ይፈረካከሳል። ኑሮውን ለመሸፈን ኪሎ መጨመር አለበት፤ ኪሎ ለመጨመር ዋሻውን ማጥለቅ አለበት። ገበያው ላይ የሚወርደው ተራ ድንጋይ ይበዛል፤ ዋጋው እንደገና ይወርዳል። «በዝቷል» ያልኩት ቃል በእኔና በመሰሎቼ እጅ ይበልጥ እውነት እየሆነ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደላንታ ውስጥ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ከውስጥ መቅረታቸውን ስሰማ፣ ያን ዋሻ እኔ አላፈረስኩትም ብዬ ለመጽናናት ሞከርኩ። አልተጽናናሁም። ሰው በኪሎ እየተከፈለው ወደዚያ ጥልቀት እንዲገባ ካደረጉት መካከል ነበርኩ።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ከሻኪሶ አካባቢ መረግድ ሲወጣ፣ ከአክሱም አካባቢም ሰንፔር ሲመጣ፣ አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ያንኑ ዘዴ ይዘው ሲነሱ አይቻለሁ። ያኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬንም ከጥፋቴ ጋር እቆጥረዋለሁ።

አሁን የምገዛው ድንጋዩ ደርቆ፣ ፀሐይ ላይም ጥላ ውስጥም ተይዞ፣ ባለቤቱ ሲያይ አንድ በአንድ ተለይቶ ነው። የተለየው በየዓይነቱ፣ የተሻለው በፍሬ ይከፈላል። ቆፋሪው ልጁን ይዞ ቢመጣ ለልጁም አሳየዋለሁ፦ ቀዩን ፈልግ፤ ስታዞረው ብርሃኑ ከጠፋ ወዲያ አድርገው፤ ስንጥቁን በጥፍርህ ዳስስ፤ ሳትለይ አትሸጥ።

የእኚያን ገበሬ መንደር አውቀዋለሁ። ድንጋዩ ስንት እንደተሸጠም ደብተሬ ላይ አለ፤ ትክክለኛ ድርሻቸውን አስልቼ ለብቻ አስቀምጬዋለሁ። እስካሁን ያልሄድኩት ስላፈርኩ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሄጄ ገንዘቡን ሰጥቼ «ያው አልነበረም፤ አውቄ ነው ያታለልኩዎት» እላቸዋለሁ። ይቅር ካላሉኝም ገንዘቡ የእሳቸው ነው።