«አንቱ» የሌለበት ጎጃም

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በአማርኛ ካነበብሁት ዘመን አልፏል። የእንጅባራ ክረምት ከቤት ሲያውለኝ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ጀመርሁ። ታሪኩ አልጎደለም፤ ፊታውራሪ መሸሻም፣ ያመፀባቸው አበጀ በለውም አሉ። የጎደለው «አንቱ» ነው። እንግሊዝኛ ጌታውንም ገበሬውንም በአንድ «ዩ» ይጠራል። ቋንቋው አስቀድሞ ሁሉን እኩል ስላደረገ፣ ጉዱ ካሣ የሚሞግተው ሥርዐት ግማሹ ከዐይን ተሰወረ። (አፌን የፈታሁት በአዊኛ ነውና «አንቱ»ን እኔም የተማርሁት በትምህርት ቤት ነው።)

የ1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬቱን ከባላባቱ ወሰደ፤ ተውላጠ ስሙን ግን አልነካም። በቀደም ለጉዳይ የገባሁበት ቢሮ፣ የልጄ እኩያ የሆነ ሹም ቀና ሳይል «አንተ፣ ነገ ተመለስ» አለኝ። «እርስዎ እንዳሉ» ብዬ ወጣሁ።