የእናቴን ክታብ ፍለጋ፣ ስድስት ኪሎ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ስድስት ኪሎ ወጣን። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። እኔ ሒሳብ አያያዝ እንድትማር እፈልጋለሁ፤ እሷ ደግሞ ሥዕል ካልሆነ ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች። «እስቲ ሥዕል የምትይውን አብረን እንየው» ብዬ አስነሳኋት። እውነቱን ለመናገር ሐሳቧን ላስቀይራት ነበር።

መጀመሪያ የገባነው ገነተ ልዑል ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረው ይህ ግቢ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኝበታል። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ይወዱታል። እኛን ያቆመን ግን ክታቡ ነው።

ክታብ አይተው ለማያውቁ ወጣት ወላጆች ልንገራችሁ። ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ የተፋቀ ጠባብ ብራና ነው። ቁራጮቹ እየተሰፉ ይቀጣጠሉና ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እኩል ይሆናል፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ነው፤ ቅዱሳት ስሞችና የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ይገባሉ። በየመሐሉ ሰይፍ የመዘዙ መላእክትና ትልልቅ ዓይኖች አሉ። ዓይኖቹ ለጌጥ የተሣሉ አይደሉም፤ ክፉ መንፈስ አይቷቸው እንዲሸሽ ነው። ለሴቶች በሚጻፈው ላይ ብዙ ጊዜ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን ሲወጋ ይታያል።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ደብተራ ነበሩ። እናቴ ሁለት ልጆች ተከታትለው ሲሞቱባት ሾተላይ ነው ተባለ፤ አባቷ ክታብ ጻፉላት። ሦስተኛዋ ልጅ እኔ ነኝ። ክታቡ በቆዳ ማኅደር ተጠቅልሎ ከአልጋዋ ራስጌ አይለይም ነበር። እኔ ግን አፍርበት ነበር፤ የሰፈር ልጆች «የመተተኛ ዘር» እያሉ ያበሽቁኝ ስለነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ለአንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ሸጥኩት። ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ በገንዘቡ መዋዕለ ሕፃናት አስመዘገብኳት።

ይህን ነግሬያት አላውቅም። መስታወቱ ፊት ጎንበስ ብዬ በቀይ ከተጻፉት ስሞች መካከል «ወለተ ጊዮርጊስ» የሚለውን ስፈልግ አየችኝ። እንደማላገኘው አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን አልታዘዝ አለኝ።

«እማዬ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ጥቂት ዝም አለችና «ሥዕሉንም ራሳቸው ናቸው የሣሉት?» አለችኝ።

«ቀለሙንም ራሳቸው ነበሩ የሚያዘጋጁት» አልኳት።

ከዚያ ብዙም ሳንርቅ በእግራችን ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሄድን። ገብረ ክርስቶስን ብዙዎቻችን «ሀገሬ» በሚለው ግጥሙ ነው የምናውቀው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ሲወለድ አባቱ አለቃ ደስታ ብራና ላይ የሚጽፉና የሚሥሉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ስለዚህ ብዕርና ቀለም የተዋወቀው ገና እቤቱ ነው። ልጁ ግን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የገባው ግብርና ሊማር ነበር፤ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። (ልጄ ይህን ስትሰማ ያየችኝን አስተያየት አልነግራችሁም።) ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው ረቂቅ ሥዕል «የፈረንጅ ነው» ተብሎ ተነቀፈ።

እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ከክታቡ ፊት ተነስቼ ስመጣ ግን ሌላ ሆነብኝ። ደብተራው ዓይን ያየውን መቼ ሣለ? የማይታየውን ነው የሣለው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው «ጎልጎታ» ስቅለት ነው፤ ነገር ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ፊትና ዓይን ፈልጋችሁ አታገኙበትም። የሚናገረው ቀዩ ነው። አባትየው ቅዱሱን ስም የሚጽፉበትን ቀይ ልጁ ብቻውን ያቆመው መሰለኝ። ባለሙያ አይደለሁም፤ የደብተራ የልጅ ልጅ ግን ነኝ። እስክንድር ቦጎሲያንም፣ በአባቱ ወገን አርመናዊ ሆኖ ሳለ፣ ከዚሁ ከክታብ ብዙ ወስዷል። የገብረ ክርስቶስ ዕድሜ ግን አጭር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ።

ስለ ሒሳብ አያያዙ ሳላነሳ ወጣን። ታክሲ ስንጠብቅ ልጄ የመግቢያ ትኬቷን ጀርባ አገላብጣ በቀይ እስክሪብቶ «ወለተ ጊዮርጊስ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሣለች።

«ቁመቷ ምን ያህል ነበር?» አለችኝ።

እጄን ጆሮዬ ዘንድ አድርጌ አሳየኋት።