መካነ ሰላም ቤት ለመግዛት

ከደሴ በአቀስታ በኩል ደጋውን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ የቦረናዋን መካነ ሰላም ያገናኛል። ጡረታ ስወጣ እዚህ ለመኖር ስለማስብ፣ የዘንድሮው ጉዞዬ ከሽርሽር ይልቅ ቤት ፍለጋ ነበር። ብርዱ በሐምሌ ጋቢ አያስጥልም፤ አየሩ ግን ለሳንባ መድኃኒት ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ደንቆሮ ጫካ አለ፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። አስታና ጅብራ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታዩበት ነው።

አንድ ደላላ ከከተማ ወጣ ብሎ የገብስ ማሳ አሳየኝ። ዋጋው ርካሽ፣ እይታው ማራኪ ነው። «በውል እንጨርሳለን» አለኝ። ባለይዞታው አዛውንት ዝም ብለው ማሳቸውን ያዩ ነበር፤ ከእሱ ሌላ መሬት እንደሌላቸው የነገሩኝ ደላላው ራቅ ሲል ነው።

አልተስማማሁም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ ያ ውል እኔን ያለ ቤት፣ እሳቸውን ያለ እርሻ ሊያስቀር ይችላል።

በከተማ ውስጥ ግን ካርታ ያለው ቤት መግዛት ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጥ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ካርታው የማን እንደሆነ፣ የሊዝ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ጠይቁ። ቤቱን በክረምትም እዩት፤ ጣሪያው ማፍሰሱ፣ መንገዱም ጭቃ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። እኔም በነሐሴ ተመልሼ ሁለት ቤቶች አያለሁ።