የአሸዋው ሰሌዳ

ዱካ አከታተል ለመማር ለሁለት ሳምንት ወደ ደቡብ አፍሪካ ስንሄድ ሁለታችንም ደብተራችንን አዘጋጅተን ነበር። መምህራችን ግን የያዙት ሰሌዳም ጠመኔም ሳይሆን አንድ ዘንግ ነው። ማለዳ ፀሐይ ዝቅ እንዳለች አሸዋው ላይ ክብ አሠሩና «ይህ የማነው?» አሉን። ስሙን ጠርቶ መገላገል የለም፣ ምክንያቱን መናገር ግድ ነው።

የአንበሳና የነብር ዱካ ላይ ጥፍር አይታይም፤ ሲራመዱ ይሰበስቡታልና። የጅብ ይታያል፤ የፊት እግሩም ከኋላው ይተልቃል። አቦ ሸማኔ ግን ከድመት ወገን ሆኖ ሳለ ጥፍሩ ይታያል። ሕጉን የሸመደደ ሰው እዚህ ላይ ጉድ ይፈላበታል! ዱካው በእኛና በፀሐይ መካከል ሲሆን ጥላው ይጎላል፤ በቀትር ያው አሸዋ ባዶ ገጽ ይመስላል።

ከሁሉም ያስገረመን ሌላ ነው። ሉዊስ ሊበንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሳይበርትራከር የተባለውን በእጅ የሚያዝ መመዝገቢያ ሲያዘጋጅ በጽሑፍ ፈንታ ሥዕል አደረገበት፤ ዱካ አዋቂዎቹ ፊደል አልቆጠሩማ! በካሩ ብሔራዊ ፓርክ የጥቁር አውራሪስን ነገር የመዘገቡበት ካሬል ቤናዲና ጄምስ ሚንዬ ማንበብ አይችሉም ነበር። በ1999 በወጣው ጥናት ላይ ግን ስማቸው ከጸሐፊዎቹ ጋር ሰፍሯል።

ታዲያ ጓደኞቻችን፣ ነገ ገጠር ስንመደብ ከፊታችን የሚቀመጠው እረኛ ልጅ የጅብን ዱካ ከእኛ በላይ ያውቃል እኮ። በፈተናችን ግን ለዚህ ማርክ የለውም። እኛ የመጀመሪያውን የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ወንዝ ዳር ለማድረግ የትምህርት ዕቅድ ጀምረናል፤ ርዕሰ መምህሩ ከፈቀዱልን።